ጠብታ ጠብ አላት

ሻወሩ የሚያንጠባጥብበት ሰው «ጠብታ ናት፤ ምን ታመጣለች?» አለ። ስሙት ጎበዝ! ምን ታመጣለች ይላል? ሂሳብ ታመጣለች። እርጥበት ታመጣለች። ሌሊት እንቅልፍ ይዛ ትሄድና ጠዋት ጠብ ይዛ ትመጣለች። ይሄን ወሬ ብቸና ላይ ስንሰማ ሰውዬው ብቻውን መስሎን ዝም አልን። ሞጣም መጣ!

ደግሞ ይኮራል። «የጮቄ ልጅ፣ የዓባይ አገር ሰው ለጠብታ አይሰስትም!» ጮቄ መቼ በአንተ ሻወር ፈሶ ያውቃል? ሙጋም ሱሃም ከጮቄ ወርደው ዓባይ ሲገቡ ቆጣሪ አያልፉም። ያንተ ውሃ ያልፋል። ጠብታዋ ዛሬ ብታመልጠው፣ የጎደለው ሮቶ ሲሞላ ይቆጥራታል። ቆጣሪ ደግሞ ዘር አይቆጥርም፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅህም።

እስቲ እኛም እንቁጠር። በሰከንድ አንድ ጠብታ ናት እንበል። ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነው። 4,000 ጠብታ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል። ከ21 ሊትር በላይ ደፋህ! ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሞልቶ ተርፏል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ሰው በቀን የታሰበለት 25 ሊትር ነበር። አንተ ይህን የሚያህል ውሃ ሴራሚክ ታጠጣለህ። ሴራሚክ ላይበቅል! ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ አግኝታህ «ምን ታመጣለች?» ብትላት፣ መልሱን በጀሪካኑ ክዳን ትሰጥሃለች።

«ኧረ ጠግኜዋለሁ!» አለ። ምን አደረግህ? የሻወሩን ራስ ቀየርህ። አዲሱም አንጠበጠበ። ጎጃም ስንት ራስ ሲሾም ሲሻር አይቷል፤ በሌላ ሰው ጥፋት የተሻረ ራስ ግን አንተ ቤት አየን። ተዘግቶ የሚያንጠባጥብ ሻወር በሽታው ያለው መክፈቻው ውስጥ ነው። ውሃውን የምትዘጋው ጎማ ተበልታለች፤ ወይ አዲሶቹ ላይ ያለው ካርትሪጅ አልቋል። ራስ ምን ያድርግ? ከታች የላኩለትን ያወርዳል። ከተዘጋ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አንጠብጥቦ የሚያቆመውማ ውስጡ የቀረ ውሃ ነው፤ ጤነኛ ነው። እሱንም በፒንሳ አስጨነቅኸው አሉ።

«ታዲያ አጥብቄ እዘጋዋለሁ!» አጥባቂ ሆነሃላ! ባጠበቅህ ቁጥር ጎማዋ ትጨፈለቃለች፤ በተጨፈለቀች ቁጥር ታንጠባጥባለች፤ ባንጠባጠበች ቁጥር ታጠብቃለህ። በመጨረሻ እጀታው እጅህ ላይ ቀረ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጎማ ቀድሞውንም ዕድሜዋ አጭር ነው። የተቋረጠ ውሃ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመለሳል፤ አሸዋው ጎማዋን ይግጣታል። ሌሊት ከተማው ሲተኛ ደግሞ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል፤ ሻወሩ ከመስመሩ በቀጥታ የሚጠጣ ከሆነ ጠብታዋም ትበረታለች። አንተ ጋኔን መስሎህ አማተብህ። ጎማ ናት ሰውዬ!

ሲብስበት ጨርቅ አሰረበት። ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ ከተቆረጠ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ለዓመታት ኖሯል። ያ ገመድ ሰው ከነነፍሱ አሻገረ። ያንተ ጨርቅ አንዲት ጠብታ አላስቀረም፤ ሰብስቦ በአንድ ላይ ጣላት እንጂ።

ሻወሩ ሲከፈት ከአንገቱ ላይ የሚረጨውስ? እሱ ቀላል ነበር። ፍታው፣ ጥርሱን ጥረግ፣ ቴፍሎን ጠምጥም፣ መልሰህ እሰር። ታዲያ የጥምጥሙ አቅጣጫ ሲታሰር በሚዞርበት በኩል ነው፤ ወደ ግራ ከጠመጠምኸው ስታስረው ይተረተራል። የእነማይ ጤፍ ሲሰፈር አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ተንበርክከህ የምትለቅም ሰው፣ ቴፍሎኑን በግራ ጠምጥመህ ወጣህ። ጤፍ ላይ ሰብሳቢ፣ ቴፍሎን ላይ አንጠባጣቢ!

ግድግዳው ሲረጥብማ ጉድ ነው የሠራው። ቀለም ቀባው! የቅኔ አገር ሰው ሆኖ ሰሙን ቀብቶ ወርቁን ተወው። እርጥበቱ ሰም ነው፤ ወርቁ ውስጥ ነው ያለው። ሮቶው ሲሞላ መግቢያውንም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉም ዝጋና የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርግ። ማንም ሳይነካው ካደረ በኋላ ወርዶ ካገኘኸው የሚያፈስ ቧንቧ አለ ማለት ነው። ሮቶ ከሌለህ ቆጣሪውን እይ፤ ሁሉ ተዘግቶ እየዞረ ከሆነ ያው ነው። ምንም ሳይጎድል፣ ገላ ከታጠብህ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ግን ውሃው ብዙ ጊዜ የሚሰርገው በሴራሚኩ መጋጠሚያ ወይም በማውረጃው ነው። ቀለም ቀቢውን ሸኘው፤ ምስኪኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣልህ ነው።

በል አሁን ተነስ። መጀመሪያ ዋናውን የውሃ መዝጊያ፣ ሮቶ ካለህም የሮቶውን መውጫ ዝጋ። ይሄን ካልነገርንህ ጣሪያውን ታጥበዋለህ። እጀታውን በካቻቢቴ ፈትተህ አሮጌዋን ጎማ አውጣ። ኪስህ ክተታት፤ ገበያ ይዘሃት ሂድና «ይቺን የምታክል ስጠኝ» በል። መጠኗ ብዙ ነው፤ በጣትህ ለክተህ «ይሄን ታህል» ብትለው ባለሱቁ አንድ እፍኝ አውጥቶ ዘርግቶ ይስቅብሃል። አሮጌዋን ጥለህ ባዶ እጅህን ከሄድህ ደግሞ ያልሆነችህን ገዝተህ ትመለሳለህ፤ ጠብታዋም ቤት ሆና ትጠብቅሃለች።