ፍላጎታችሁ እየተጠና ነው

የሰፈራችን ሰው ከእንግዲህ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ አይጨነቅ፤ ፍላጎቱ እየተጠና ነው። ጥናቱም ዋዛ አይደለም። ባለ ስምንት ገጽ መጠይቅ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ «ስለ ትብብርዎ በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚል ትሕትናም አይጎድለውም።

መጠይቁ የታደለው የት መሰላችሁ? እዚያው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ወንበር አግኝተው ለተቀመጡት። «የሚከፈትበት ሰዓት ለእኔ አመቺ ነው» ከሚለው ትይዩ ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ራይት አደረጉ። ባይመቻቸውማ መች ይገኙ ነበር! በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የነበረው የማታ ተማሪ፣ ደረጃው ያገዳት ባለ ዊልቸር ወጣት፣ አንድም የብሬል መጽሐፍ አጥቶ መምጣት የተወው ዓይነ ስውር ቅሬታ አላቀረቡም። ካልተጠየቀ ሰው ቅሬታ አይመዘገብም፤ የጥናቱ ጥበብ ይኼ ነው።

ገጽ አምስት ላይ «አዘውትረው የሚያነቡት የመጽሐፍ ዘርፍ የትኛው ነው?» ይላል። ወንበሩን የያዙት ልጆች ግን የሚያነቡት ከቤት ያመጡትን ደብተርና የ12ኛ ክፍል መልመጃ ነው፤ የመጡት ለጠረጴዛ፣ ለመብራትና ለጸጥታ ነው። ለጠረጴዛ ሣጥን አልተዘጋጀም። «ሌላ ካለ ይግለጹ» የሚል ግማሽ መስመር ተትቶላቸዋል፤ እሱም ቢሆን ኮምፒውተር ላይ ለመሙላት ስላስቸገረ ታልፏል።

ግኝቱ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ለባለድርሻ አካላት ቀረበ። አንባቢው ባለድርሻ ስላልሆነ አልተጠራም። ከሻይ እረፍት በኋላ «ችግሩ የንባብ ባህላችን ነው» ተባለና ተጨበጨበ። መፍትሔውም ወዲያው ተገኘ፤ የንባብ ሳምንት ይከበር፣ ባነር ይሰቀል፣ ቲሸርት ይታተም።

ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት፣ በ2022 ባደሱት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ የአገልግሎት ሰዓቱ ለተጠቃሚው የሚመች ይሁን ብለዋል። የእኛው 11፡30 ላይ የሚዘጋው «ተጠቃሚ» ማለት ቁልፍ ያዡ ነው ተብሎ መሆን አለበት።

አጥኚዎቻችን ሆይ፣ ጥናት ጠልተን አይደለም። መጠይቁን ይዛችሁ ውጡና ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ጋራዥ በር ላይ፣ የማታ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የማይመጣውን ሰው ለምን እንደማይመጣ ጠይቁት። እስከዚያው ግን ቤቱን እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፈቱልን፤ ለዚህ መጠይቅ አያስፈልግም።