ሲግናሉ ሙሉ፣ ሥራው ጎዶሎ

የዋይፋይ ባለሙያ መሆኔ ከታወቀ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ በሰላም መቀመጥ አልቻልኩም። «ነፍስ ይማር» ብዬ ሳልጨርስ አጠገቤ ያለው ሰው ጠጋ ይልና፣ «እኔ የምልህ፣ እኛ ቤት መኝታ ክፍል አይደርስም፤ ምን ይሻላል?» ይለኛል። ምን እንደሚሻል ግን እሱ ቀድሞ ወስኗል፤ ኃይል መጨመር ነው።

ኃይል እንወዳለን። ራውተር ልንገዛ መርካቶ ብንወርድ የምንቆጥረው አንቴና ነው። ባለ ሁለቱን የገዛ፣ ባለ ስድስቱን ታቅፎ የሚወጣውን በቅናት ያየዋል። ሻጩም ያውቅብናል፤ የቤታችን ግድግዳ ብሎኬት ይሁን ጭቃ ሳይጠይቅ፣ «ይሄ ሦስት ግድግዳ ይበሳል» ይለናል።

በቅርቡ አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት አስጠሩኝ። ከምድር ቤቱ እስከ ሦስተኛው ፎቅ በየኮሪደሩ አንዳንድ አክሰስ ፖይንት ተሰቅሏል። የሰቀለው ሰው የሁሉንም ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ሁሉንም ቻናል 6 ላይ ደርድሮ ሄዷል። በእንግዶቹ ስልክ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ዱባይ ያለች እህቱን በቪዲዮ የሚያናግረው እንግዳ ግን የሚያየው አፏን እንደከፈተች የቀረች እህት ነው።

«እትዬ፣ ኃይሉን ልቀንሰው ነው» አልኳቸው።

«ሰው አልሠራልኝም እያለ ጭራሽ ትቀንሰዋለህ? ልጄ፣ እኔ የከፈልኩት ለሙሉው ነው!»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ኮርኒስ ላይ ያለው ዕቃ በ100 ሚሊዋት ይጮኻል፤ የእንግዳው ስልክ ግን ባትሪውን ስለሚሳሳለት ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በ30 ሚሊዋት ገደማ ነው። ጎረምሳ ከወንዝ ማዶ ሲጣራ ትንሽ ልጅ «አቤት!» ቢለው ማን ይሰማዋል? ልጁ ጥሪው ደርሶታል፤ ሲግናሉ ሙሉ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጎረምሳው ግን መልስ ስላላገኘ ያንኑ ደጋግሞ ይጮኻል።

ደግሞም ዋይፋይ ይሉኝታ አለው፤ በቻናሉ ላይ ሌላ ሲናገር ከሰማ እስኪጨርስ ዝም ይላል። ሁሉም ቻናል 6 ላይ ሆነው ሲጮኹ የምድር ቤቱ ወሬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማና ቤቱ በሙሉ ተራ ሲጠባበቅ ይውላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ እነሱን ለፎቆቹ አከፋፈልኩ፤ ሦስተኛው ፎቅ ከምድር ቤቱ ጋር 1ን ተጋራ። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ እንደ ልቡ ስለማይደፍር ለእሱ ኃይሉን ትንሽ ከፍ አድርጌ ተውኩለት።

ከየትኛው አክሰስ ፖይንት ጋር እንደሚያያዝ የሚወስነው ደግሞ ስልኩ ራሱ ነው። ምድር ቤት የያዘውን ሙጭጭ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፤ ክፍሉ በር ላይ ሌላ ተሰቅሎለት እያለ። የታችኛው ድምፁን ካልቀነሰ በቀር አይለቀውም።

እትዬ በዚህ ሁሉ አልተበገሩም። በመጨረሻ ያስታረቀን ሎጋሪዝም ነው። የኃይሉ መለኪያ ዲቢኤም ይባላል፤ 20 የነበረውን 14 አደረግሁና ስክሪኑን አሳየኋቸው።

«የቀነስከው ስድስት ብቻ ነው?»

«ስድስት ብቻ።»

«እሱስ ደግ ነው።»

በየ3 ዲቢው ኃይሉ በግማሽ እንደሚወርድ፣ 14 ማለት 25 ሚሊዋት፣ ከነበረው ሩቡ ብቻ እንደሆነ መተንተኑን ለሌላ ቀን አሳደርኩት።

የእንግዶቹ ጥሪ መቆራረጡን ተወ። ቅሬታ ግን መጣ፤ ከውጭ። ጥበቃው በር ላይ ሆኖ የሚያየው ፊልም ተቋረጠበት። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጀበና ቡና ቤት ደንበኞች፣ ፓስወርዱን ማን እንደሰጣቸው እንጃ፣ «ዛሬ ኔት የለም እንዴ?» ይሉ ጀመር። አጥሩን ተደግፈው የሚያመሹት የሠፈር ልጆችም ተበተኑ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ለካ ሠፈሩን ሁሉ ስቀልብ ነው የኖርኩት! በል ኢንጂነር፣ ገና ቀንሰው። ዜሮ አድርግልኝ!»

በዲቢኤም ዜሮ ማለት መጥፋት አይደለም፤ 1 ሚሊዋት ነው። ይህን ግን አልነገርኳቸውም፤ ካወቁ ከዜሮ በታች ያስወርዱኛል።