ራስ አዳል ሜካፕ አልተቀቡም

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. መታየት በጀመረው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ተከታታይ ድራማ ስድስተኛው ክፍል ላይ ታሪኩ አሥር ዓመት ይዘላል። ራይኒራን ስትጫወት የነበረችው ሚሊ አልኮክ በኤማ ዳርሲ ትተካለች፤ አሊሰንትም ከኤሚሊ ኬሪ ወደ ኦሊቪያ ኩክ ትዛወራለች። ተመልካች «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» እያለ ሲደናገር፣ ሰር ክሪስተን ኮል ያው እሱው እዚያው ቆሟል። አሥር ዓመት አልፎት አንዲት ሽበት አላወጣም። የጎጃሙን የጮቄ ተራራ ምንጭ ሳይጠጣ አልቀረም።

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ይህን ለሚያይ ሰው ግርምቱ ሌላ ነው። የድራማው አዘጋጆች ስሙን ትተው ፊቱን ይቀይራሉ፤ ጎጃም ፊቱን ትቶ ስሙን ይቀይር ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ሲያነግሧቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆኑ፤ ሰውዬው ያው፣ ጢሙም ያው። ልጃቸው ሥዩም ራስ ኃይሉ ተባሉ። መድረኩ እንኳ አልተረፈም፤ መንቆረር ደብረ ማርቆስ ሆነ። ለሜካፕ የወጣ ሰባራ ሳንቲም የለም።

ዝላይ ግን አልነበረም። በነገሡ በዓመቱ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጥመው፣ ቆስለው ሲማረኩ «ከአሥር ዓመት በኋላ» ብሎ የሚያሻግራቸው ደራሲ አልተገኘም። ይባስ ብሎ አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፦ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገውምድርን ወሰዱ። ያለ አንድ ዘንዶ ስንት ክፍል እንደሚሞላ አዘጋጆቹ መጥተው ይጠይቁን።