በቅምሻ ድግስ መደገስ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ በአንዲት ላፕቶፕና በአንድ ፕሪንተር የጽሕፈት ቤት ለከፈቱ ሁሉ የሚበጅ ምክር ይኸውና። ሥራ እስኪበዛ ይጠብቁ። የትምህርት ቤቱ የማጠቃለያ ፈተና ሊባዛ ሲመጣ፣ ተመራቂው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ በር ላይ ሲቆም፣ የዕድሩ ደንብ ለነገ ሲባል፣ ልክ ያን ጊዜ ላፕቶፕዎን ፎርማት ያድርጉና ገና ያላለቀ፣ ለሙከራ የተለቀቀ ዊንዶውስ ይጫኑበት። ያለቀውንማ ማንም ይጭነዋል። ላላለቀው ልክ የሆነ ስም በየቤታችን አለ፤ ቅምሻ። ጠላ የጠመቀች ሴት ጉሹን ለጎረቤት የምታቀምሰው «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» እንዲላት ነው እንጂ በዚያው ዋንጫ ሰርግ እንዲደግስበት አይደለም። እርስዎ ግን ይደግሱበት። አክቲቬት አልሆን ብሎ ሲያስቸግርዎም «ተበላሸ» ብለው ይማረሩ። የተበላሸ ነገር ግን የለም። ቅምሻ ሲሰጥ የሚመለስበት ቀን አብሮ ይሰጣል፤ ችግር የምንለው ያ ቀን መድረሱን ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ የዊንዶውስ 7 ታሪክ በቂ ነው። ማይክሮሶፍት የመጨረሻውን ቅምሻ ለሕዝብ የለቀቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ የአርበኞችን ድል በምናከብርበት ዕለት። ፕሮግራሙም ቁልፉም በነጻ ተሰጠ። ማብቂያውም አብሮ ተነገረ፦ ከየካቲት 22 ቀን 2002 ጀምሮ ኮምፒውተሩ በየሁለት ሰዓቱ ራሱን ያጠፋል፣ ግንቦት 24 ቀን ደግሞ ጊዜው ጨርሶ ያልቃል። ያለቀው ዊንዶውስ 7 ጥቅምት 12 ቀን 2002 ገበያ ላይ ውሎ ስለነበር ለመሻገሪያ ከአራት ወር በላይ ነበር። ብልህ ሰው ግን እነዚህን ወራት አይነካቸውም፤ በየሁለት ሰዓቱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ላይ የፈተና ወረቀት ይተይባል። ማሽኑ ሲጠፋ ያልተቀመጠውን ጽሑፍ አያስቀምጥም። 40ኛው ጥያቄ ላይ ሀ ተጽፏል፣ ለ ተጽፏል፣ ሐ ተጽፏል፤ መ ሳይደርስ ስክሪኑ ይጨልማል። መምህሩ ከኋላ ቆመው «ምን ሆነ?» ይላሉ። «መብራት ነው» ይበሏቸው፤ መብራት ኃይል ላይ ማሳበብ እስካሁን ማንንም አላሳፈረም። የግንቦቱ ቀን ካለፈ በኋላ የሚከፈተው ስክሪን ደግሞ ጥቁር ጀርባ ያለው ሲሆን፣ ከታች በቀኝ ጥግ ቅጂው ትክክለኛ አለመሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ይታያል።

ይህን ሁሉ በአንድ ዘዴ አልፈዋለሁ የሚል ካለ፣ ዘዴው ለእኛ አገር ሰው የተሠራ ይመስላል። ዊንዶውስ ከሚያቀርበው የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ የእኛ ሰዓት ናይሮቢ በሚል ስም ነው የተቀመጠው። ስለዚህ በአገር ፍቅር ይነሱና የኮምፒውተሩን ቀን በእኛው ዓመተ ምሕረት ይሙሉት። በአንድ ምት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ የቅምሻው ማብቂያም ከፊትዎ ይሸሻል። ደስታው የሚቆየው አክቲቬት ለማድረግ እስኪሞክሩ ነው። የማይክሮሶፍት ሰርቨር ራሱን የሚያስታውቅበት መታወቂያ አለው፤ መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል ይላል። የእርስዎ ኮምፒውተር ሰባት ዓመት ኋላ ስላለ ይህ መታወቂያ ለእሱ ገና አልወጣም፤ እናም ባለቤቱን እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ በሩን ይዘጋበታል። ቀኑን ቢያስተካክሉ ማብቂያው ይደርስብዎታል፣ ባያስተካክሉ አክቲቬሽኑ ይቀርብዎታል። የባንኩም ድረ ገጽ በዚያው ምክንያት አልከፈት ይላል። የቀን አቆጣጠራችን ምንም ጥፋት የለበትም፤ ቦታው የግድግዳ ካላንደር እንጂ የኮምፒውተሩ ሰዓት አይደለም።

ቁልፉን በተመለከተ፣ የማያገለግለውን ደጋግሞ ማስገባት ይመከራል። የካቲት 21 ቀን 2004 ለተለቀቀው የዊንዶውስ 8 ቅምሻ ማይክሮሶፍት ራሱ ለዓለም ሁሉ አንድ ቁልፍ በይፋ ሰጥቶ ነበር። ያ ቁልፍ ጥር 2005 ላይ ጊዜው ላለቀው ቅምሻ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ያለቀውን ዊንዶውስ አይከፍትም። እርስዎ ግን ሃያ አምስቱን ምልክት አምስት አምስት እያደረጉ ይጻፉ፤ እምቢ ሲል ዜሮውን በ«ኦ»፣ «ኦ»ውን በዜሮ ይቀያይሩ። በዊንዶውስ ቁልፍ ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ እንዳያምታቱ ተብሎ ከመጀመሪያው ቀርተዋል። ከመስከረም 2007 ወዲህ ደግሞ ቅምሻው ለተመዘገቡ ሞካሪዎች የሚሰጥ ሆኖ፣ አሁን አክቲቬት የሚሆነውም ፈቃድ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ፈቃድ ለሌለው ፈቃድ አያመጣለትም። ይህን የሰማ ሰው ቀጣዩ እርምጃው ቴሌግራም ላይ ክራክ መፈለግ ነው። ክራኩ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ ውሻህን እሰርና ልግባ እንደማለት። የግሽ ዓባይን ጠበል የሚሻ ሰው መንገዱን ተጉዞ ከምንጩ ይቀዳል እንጂ ከብት ከጠጣበት ከታችኛው ወንዝ አይሞላም፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን አራት እጅ የዞረ ፍላሽ ይበቃናል። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የከተማው ፍላሽ ሁሉ ስለሚሰካ፣ ከዚያ የገባው ቫይረስ እስከ ማታ ድረስ ትምህርት ቤቱንም ዕድሩንም ያዳርሳል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከድርሰት ቆጥሮ እንደሚጠብቅ እዚህ ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት ይሆናል።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። የዊንዶውስ 11 የቤት ፈቃድ የአሜሪካ ዋጋው 139 ዶላር ነው፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ ይህ ከ13 ሺህ 900 ብር የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው። ሆኖም ውድነቱ የቅምሻውን ቀን አያራዝምም። ኡቡንቱ በ1997 መጀመሪያ፣ ማርክ ሸትልዎርዝ በሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ከተጀመረ ወዲህ ያለ ቁልፍና ያለ አክቲቬሽን በነጻ ይሰጣል፤ ረጅም ድጋፍ ያለው ዓይነቱ አምስት ዓመት ይዘልቃል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ድሃ ነኝ ያለ ሰው በነጻ የተሰጠውን ትቶ ቀን የተቆረጠለትን የሚመርጥበት ምክንያት ከፌዝ ምክር ውጭ አይገኝም።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የኢንተርኔቱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፤ ለዚያ ጊዜ የቡሬ ሰው «በቃ አክቲቬት አድርግ» ማለት ስላቅ ነው። ግን ቅምሻው በዚህ ላይ ይብሳል። ያለቀው ዊንዶውስ አንዴ አክቲቬት ከሆነ ያለ ኮኔክሽን ይሠራል። ቅምሻው ግን ማብቂያው ሳይደርስ በአዲስ ቅምሻ መተካት አለበት፣ አዲሱም በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። ኔትወርክ በሌለበት ከተማ በየጥቂት ወሩ ኔትወርክ የሚለምን ኮምፒውተር ማስቀመጥ የጥፋት ሁሉ ቁንጮ ነውና እንዳያልፍዎ።

ቅምሻን የሚጠላ ሰው ግን አይደለሁም። ጥር 22 ቀን 1999 ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ እስኪወጣ ድረስ፣ አንዱ ጋ በአማርኛ የተተየበ ደብዳቤ ሌላው ጋ ሲከፈት የምልክት ክምር መሆኑ የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለው ጣጣ እንዳይመለስ ትርፍ ኮምፒውተር ያለው የኛ ሰው ቅምሻውን ጭኖ «ይህ ፊደል ሳጥን ሆኖ ይታያል» ብሎ ለማይክሮሶፍት ቢጽፍ፣ ጉሹን ቀምሶ «ገና ነው» እንዳለ ጎረቤት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የሥራ ላፕቶፕዎ ላይ ቅምሻ ጭነው ከሆነ ግን፣ በመፈለጊያው ሳጥን «ዊንቨር» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፣ የሚያልቅበት ቀንም እዚያው ተጽፏል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።