ሆድ ይፍጀው ባይ ስክሪፕቶች

በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ ስክሪፕት መጻፍ ፈተና ነው ይባል ነበር። ምስጋና ለባለሙያዎቻችን ይሁንና መላው ተገኝቷል፤ ኮዱን በፓይተን «ትራይ» ጠቅልሎ ከሥሩ «ኤክሴፕት»፣ «ፓስ» ብሎ መገላገል። ፋይሉ ባይገኝ፣ ዲስኩ ቢሞላ፣ ፈቃድ ቢከለከል፣ ስክሪፕቱ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፍና በመጨረሻ ዜሮ ይመልሳል፤ ዜሮ ደግሞ በዚህ ሙያ «ሁሉ ሰላም ነው» ማለት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ምክር እንዲህ በሥራ ያዋለ የለም። በባሽ የሚጽፉትም በጨዋነት አይታሙም፤ የስህተቱን መልእክት «ዴቭ ነል» ወደሚባል ጉድጓድ ይሸኙታል። ዊንዶውስ ግን በዚያ ስም የሚጠራ ጉድጓድ ስለሌለው፣ ያው መስመር እዚያ ሲደርስ ዝም ማሰኛው ራሱ ይጮኻል። (እሱንም ዝም የሚያሰኝ መስመር ሳይጻፍ አይቀርም።)

የጥበቡ ፍሬ ጎልቶ የሚታየው በገዛ ፊደላችን ላይ ነው። ስም ዝርዝር ወደ ፋይል የሚጽፍ የፓይተን ስክሪፕት ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ዊንዶውስ ላይ ግን ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ካልተነገረው፣ አብዛኛው የፓይተን ቅጂ ኮድ ገጽ 1252ን ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። በላቲን ፊደል የተጻፈው ዮሐንስ ይገባል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ዮሐንስ ላይ ስህተት ይነሳል፣ «ፓስ» ይውጠዋል፣ ሰውየውም ውጭ ይቀራል። ሪፖርቱ «ተሳክቷል» ይላል። አንድ ቃል ጨምሮ የሚስተካከለው ነገር፣ ወር ቆይቶ የጠፋ ሰው ፍለጋ ይሆናል።

«መልእክቱ ራሱ ግራ ያጋባል፤ ቢታይስ ምን ሊጠቅም?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ሊኑክስ ላይ የሚነሳ የባሽ ስክሪፕት፣ ባሽ እዚያው ተገትሮ ሳለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያው መልእክት ከባሽ ስም ጫፍ ላይ አንዲት ባዕድ ምልክት ያሳያል፤ ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚተወውን፣ በኤዲተር የማይታየውን ቁምፊ። ሊኑክስ የፈለገው ቁምፊው የተለጠፈበትን ስም ነው፤ ያጣውም ለዚህ ነው። ግራ የሚያጋባ መልእክት ቢያንስ ፍንጭ ይተዋል። «ተጠቃሚውን አናስደንግጥ» የሚለው ርኅራኄም ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለተጠቃሚው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለሎግ ፋይሉ ሙሉው ዝርዝር። የየሲስተሙን ስህተት ማን ለይቶ ይዘልቀዋል ለሚሉት ደግሞ፣ ፓይተን 3.3 እ.ኤ.አ. በ2012 የፋይል መታጣትንና የፈቃድ መከልከልን በሁሉም ሲስተም ላይ ለየብቻ ሰይሞላቸዋል።

ሳይመረምሩ ማለፍ የከፋም ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስቲም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መድረክ የሊኑክስ ስክሪፕት የራሱን ፎልደር ማግኘት ሲያቅተው፣ ስሙ ባዶ መቅረቱን ሳይመረምር ወደ ማጥፊያው ትእዛዝ አለፈ፤ ትእዛዙም ከሲስተሙ ሥር ጀምሮ ተጠቃሚው የመሰረዝ ፈቃድ ያለውን ፋይል ሁሉ መጥረግ ያዘ። የኮዱ ጸሐፊ ከዚያው መስመር አጠገብ «ያስፈራል» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፍርሃቱን ግን ለኮምፒዩተሩ አልነገረውም፤ «ባዶ ከሆነ ቁም» የሚል አንድ መስመር ይበቃው ነበር።