ሰባቱ ፈረሶች አባይ በረሃ ቀሩ

የፎገራ ሰው ከብት ሲመርጥ አይታለልም። ላሚቱን በጡቷ፣ ወይፈኑን በቁመናው ይለያል፤ ሩዙን በመዳፉ አሽቶ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ልንገርህ የሚልም አይጠፋም። የጀልባ ፕሮፔለር ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ አስተዋይነት ጣና ይገባና በማብረቅረቁ ይመርጣል።

የእህቴ ባል ጣና ዳር ናበጋ ላይ ዓሣ ያሰግራል። ሚኒሶታ የሚኖረው ወንድሙ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር በሻንጣ ጠቅልሎ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፕሮፔለር ላከለት፤ ስፋቱ 11፣ ፒቹ 15 ኢንች። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር በሐሳብ ደረጃ ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚሄድ የሚናገረው ቁጥር ነው። እቃው ወረታ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባጃጅ ነጂው መዘነው፤ ሩዝ ነጋዴው ዋጋውን ጠየቀ፤ አንዱ በክንፉ ጺሙን አየበት።

«ጋሼ፣ 15 ነው እኮ! ይበራል» አለ የእህቴ ባል።

ጋሼ የሩዝ ማሳ ውሃ መሳቢያ ሞተር ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። «ባዶውን ይበር ይሆናል» አሉ፤ «መረብና ዓሣ ስትጭንበትስ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የሚኒሶታ ሐይቆች ብዙዎቹ ከባሕር ወለል 300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተር ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። 40 የፈረስ ጉልበት አለው ብለህ የገዛኸው ሞተር ናበጋ ሲደርስ 33 ገደማ ነው። ሰባቱ ፈረሶች አባይ በረሃን ሲወጡ ቀርተዋል በለው። በዚህ ጉልበት ላይ ትልቅ ፒች መግጠም፣ ሩዝ የጫነ አይሱዙ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ውጣ እንደማለት ነው፤ ያጓራል፣ ይጨሳል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ አይሄድም።

ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ጀልባውን እንደ ሥራ ቀን ጫን፤ ሰውም መረብም ይግባ። ነዳጁን እስከ ጥግ ስጠው። ሞተሩ መመሪያው ላይ የተጻፈለትን ዙር፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000፣ ካልደረሰ ፒቹ በዝቷል። አንድ ኢንች ስትቀንስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልስልሃል። ካለፈ ደግሞ ጨምር። ባለ አራት ክንፍ ይሻላል፣ ባለ ሦስት ይሻላል የሚለው የሻይ ቤት ክርክር ከዚህ በኋላ ይምጣ። (ሻይ ቤቱ ግን ከዚያ ነው የጀመረው፤ እስካሁንም አልጨረሰም።)

ብረቱስ? ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር የደጋውን አፈር አምጥተው በፎገራ በኩል ይደፉታል። ጣና ድሮም ጥልቅ አይደለም፤ አማካዩ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ በኛ ዳርቻማ ጭቃው ከፕሮፔለሩ ጋር በየቀኑ ሰላምታ ይለዋወጣል። የማይዝገው ብረት ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ራሱ በቀላሉ አይጎዳም፤ ምቱን ለማርሽ ቤቱ ያስተላልፋል። አሉሚኒየም ግን ይጣመማል፣ ይሸረፋል፤ ማርሽ ቤቱን ያድናል፣ ዋጋውም ይቀላል። ለኛ ውሃ ደካማው ይበልጣል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ። ሥሩ ሲጠመጠም የፒች ቁጥር አይጠይቅም፤ ክንፉ ወደ ኋላ የተጋደመ ፕሮፔለር አረሙን ቶሎ ያንሸራትተዋል እንጂ ፈጽሞ የሚያመልጥ የለም። ከሁሉ የከፋው የራስ መረብ ነው። ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ይጠመጠምና ዘይት መከላከያ ጎማውን ይቆርጠዋል፤ ውሃ ማርሽ ቤት ይገባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ፕሮፔለሩን እያወለቁ ዘንጉን ማየት የቁምነገር ሥራ ነው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዶች እርዳታ አብረው ጣና ከገቡ ጀምሮ ሁለቱ አልተስማሙም። ይህ ሁሉ ሲሆን የደንገል ታንኳው በመቅዘፊያ እየተገፋ በአጠገባችን ያልፋል፤ ባለቤቱም «ምን ሆናችሁ?» ይላል፤ መልሱን እያወቀ።

የሚያብረቀርቀው ፕሮፔለር አሁን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ስምና ጉልበት፣ የጀልባውን ጭነት ጠይቁን። ለጣና አሉሚኒየም ይሁን፤ ፒቹም ዝቅ ያለ ይበቃዋል። ሁለት ላኩ፤ አንዱን እምቦጭና ድንጋይ ይካፈሉታል።