የከሰሰህ ማነው?

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ የመብት ድርጅት ስቀጠር ሰፈራችን የሰማው «ኤንጂኦ ገባ» የሚለውን ብቻ ነው። ነጩ ላንድክሩዘር መቼ እንደሚመጣ የሚጠይቀኝ በዛ። አንዲት ጎረቤታችንም ስንዴና ዘይት የሚታደልበትን ቀን ቀድሜ ሹክ እንድላት አደራ አለችኝ። እኛ ዘንድ የሚታደለው ብሮሸር ብቻ መሆኑን ብነግራት ቋጣሪ ሆንኩባት።

ወደዚህ ሥራ የሳቡኝ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ ማኅበሩ ጠላፊዋን ገድላ ለተከሰሰች ታዳጊ በነፃ ጥብቅና ቆሟል። እኔም እንዲህ ያለ ቤት ልመራ ተመኘሁ።

ምኞቴ ገና ሳይጠና አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጣ። ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ብዙዎች ዓላማቸውን ቀይረው ወደ ልማት ዞሩ። የእኛ ዳይሬክተር ግን «90ውን እዚሁ እናገኘዋለን» አሉና የገቢ አሰባሳቢ ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። ሹመት ነው፤ የደመወዝ ጭማሪ ግን የለውም።

የራት ግብዣ ትኬት ይዤ መርካቶ ወረድኩ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሻይ አዘውልኝ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ለፍትሕ ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የከሰሰህ ማነው?»

ማንም እንዳልከሰሰኝ ብነግራቸው ጭራሽ ግራ ገባቸው። «ታዲያ ምን አንከራተተህ? ለወላጅ አጥ ልጆች ብትለኝ እኮ ይገባኛል» አሉና ሁለት ትኬት ገዙ። ለፍትሕ ሳይሆን ለእኔ አዝነው ነው። በግብዣው ማግስት ሒሳቡ ሲሠራ የአዳራሹ ኪራይ ከትኬቱ ሽያጭ በልጦ ተገኘ። የሒሳብ ሹማችን ደግሞ ኪራዩን አስተዳደራዊ ወጪ ላይ ጻፈው፤ ያ ወጪ በአዋጁ ከመቶ 30 ማለፍ አይችልም ነበር።

በዚያው ሰሞን የእድራችን ስብሰባ ነበር። ገንዘብ ያዧ እትዬ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ መዝገባቸውን ዘርግተው የከፈለውን፣ የቀረበትን፣ የተቀጣውን በስም እየጠሩ አነበቡ። ሁለት የድስት ክዳን ጎድሎ ተገኘና ጉባኤው ታመሰ። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወርኃዊውን ከፈለ፤ ከሁሉ በላይ የጮኸውም ጭምር። ፕሮፖዛል የለ፣ ሎግፍሬም የለ!

«እንዴት ነው የሚከፍሉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ገንዘቡን የሚሰጥህ ሊጨቃጨቅህ ሲችል ነው።»

እኛ ሒሳባችንን በየሩብ ዓመቱ አሳምረን ባሕር ማዶ እንልካለን። ቆመንለታል የምንለው ሰው ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።

በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ክልከላውን አነሣ፤ የአስተዳደራዊ ወጪውንም ጣሪያ ትርጉሙን አጥብቦ ከመቶ 20 ላይ አቆመው። በዚያው ዓመት ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የውጭው ገንዘብ ሲመለስ የቢሾፍቱው ዎርክሾፕና አበሉም አብረው ተመለሱ፤ መርካቶ መውረዱ ቀረ።

ይህን ሙያ ለምትመኙ ልጆች የምለው አለኝ። ማስተርሱን ያዙ፣ አይጎዳም። ከዚያ በፊት ግን የሰፈራችሁን እድር በጸሐፊነት አገልግሉ፤ የማይጨቃጨቅ አባል የለውም። አበል ግን አትጠብቁ።